ከደንቡ በፊት የገቡ

መጀመሪያ የተሰማው ድምፅ ነው። ቀጭን ብረት ወለል ለወለል ሲሳብ የሚያሰማው ዓይነት፣ ስስ፣ ረዘም ብሎ የሚሄድ፤ ከዚያ ሽው ብሎ ይመለስና ጧ ይላል። ደግሞ ይጀምራል። ቤተሰቡ ሊቁ የሚለው ታናሽ ወንድም ዓይኑን ሳይገልጥ ጥቂት አዳመጠ። የመጋረጃ ዘንግ መሰለው፣ ከዚያ ቆርቆሮ፣ ከዚያ ደግሞ የሕልሙ ትራፊ። በመጨረሻ ከግድግዳው ወዲያ የታላቅ ወንድሙ ድምፅ «አራት ከሃያ» አለ፤ የማያውቀው ሰው ደግሞ «በሩን ጨምሮ ነው ሳይጨምር?» ብሎ ጠየቀ። ያን ጊዜ ገባው። ሜትር ነው። እህታቸው እትዬ የምትተኛበትን ክፍል እየለኩት ነው።

ሸሚዙን ሳይቆልፍ ሲገባ እትዬ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሁለቱን እግሮቿን ከወለሉ አንሥታ ይዛለች፤ ወለል ሲታጠብ ሰው እንደሚያደርገው። ከእግሯ ሥር ቢጫው የብረት ሜትር ተዘርግቷል። አንድ ደላላ ተንበርክኮ ጫፉን ከግድግዳው ጋር ለማጣበቅ ይታገላል፣ ታላቅ ወንድም ካፖርቱን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆሞ ቁጥር ይጽፋል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የእሷ አልጋ፣ ትይዩው የአባታቸው አልጋ ያለ ፍራሽ በጣውላው ብቻ፣ መዝጊያው በሲባጎ የታሰረ ቁምሣጥን፣ የመድኃኒት ብልቃጦች እስካሁን ያልተነሡበት መስኮት። አባትየው ከሞቱ ዓመት አልፏቸዋል፤ ክፍሉ ግን አሁንም የመታሻ ቅባት ይሸታል። እትዬ እዚህ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አገላብጣቸዋለች፣ አጥባቸዋለች፣ አጉርሳቸዋለች። በነዚያ ዓመታት ለጋብቻ የመጣ ጠያቂ ሁሉ «አባቴን ለማን ጥዬ?» እየተባለ ተመልሷል፤ ሦስተኛው ከተመለሰ በኋላ የመጣ የለም።

«ተነሣህ ሊቁ?» አለ ታላቅ ወንድም። «ና እስቲ ጫፉን ያዝልን፣ የሰውየው ጉልበት አልቻለም።»

ያዘ። ለምን እንደያዘ ኋላም ሊገባው አልቻለም፤ ታላቅ ወንድም ያዝ ሲለው መያዝ የለመደ እጅ ነው።

«ጫማ አውልቁ ብል ነውር ይሆንብኛል እንጂ» አለች እትዬ ማንንም ሳታይ፣ «አሁን ነው የወለወልኩት።»

ደላላው ይቅርታ ጠየቀ፤ ጫማውን ግን አላወለቀም።

ነገሩ አጭር ነው። ቤቱ አራት ክፍል ነው፣ ገዢ ተገኝቷል፣ ገዢው የሚፈልገው ሙሉውን ነው። እትዬ ደግሞ አባባ ከመሞታቸው ሦስት ዓመት ቀደም ብለው የፊት ለፊቶቹን ሁለት ክፍሎች ለእሷ አድርገው ሊቁ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ሄደው ፈርመዋል ትላለች፤ ወረቀቱ ግን እዚያው ቀርቷል። ታላቅ ወንድም ያን ቀን አልነበረም። እንዲያውም በዘጠኙ ዓመት ብዙውን ቀን አልነበረም፤ ይህን ግን የሚያነሣበት የለም። ሜትሩን ሰብስቦ ኪሱ ከተተና ለእህቱ ሕግ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብሎ ተናገረ። «እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ነው። ጽሑፉን አምጪና ውረሺ። ገዢው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ከዚያ በፊት ወረቀቱን ባየሁ፣ በአባባ አጥንት፣ ሁለተኛ እዚህ ቤት ሜትር ይዤ አልመጣም። ካላየሁ ግን ነገ ብርድ ልብስሽን ጠቅልይ።»

እትዬ እግሮቿን አወረደች። ያየችው ታናሹን ነው። «ሊቁ ያመጣዋል። ሦስት ቦታ ነው ያለው ብሎኛል። ሦስት ቦታ አይደል?»

«ሦስት ቦታ ነው» አለ።

ቁርስ ላይ ስለ ዳቦ አወሩ። አምስት የነበረው ስምንት ገባ፣ ስምንት ሲገባም አነሰ፤ ታላቅ ወንድም አንዱን በመዳፉ ይዞ «ይሄ እኮ ድሮ የዳቦ ጫፍ ነበር» አለ፤ ደላላው ሳቀ። እትዬ ሻይ ቀዳችላቸው። ለደላላው ሁለት ጊዜ ቀዳችለት። ሊቁ ቤት የሚለካባት ሴት ለሚለካው ሰው ስኳር ስትጨምር አየና ዓይኑን ወደ ጽዋው መለሰ። ሻዩን ጨርሶ ወደ ሥራው ሄደ።

የሚሠራው የቤት ሰነድ በሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ ቅዝቃዜው ለሰው ሳይሆን ለማሽኖቹ ተብሎ ስለሆነ በበጋም ሹራብ ይለብሳል። ትምህርቱ ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ሲቀጠር ኬብል ጎታች ነበር፣ ሌሎቹ የተሻለ ደሞዝ እያገኙ ሲሄዱ እሱ ቀረ፣ ቀርቶም ለመደው። ሥራው ለማያውቀው ሰው ሲነገር ቀላል ነው። የተሰበሰበው ፋይል ሁሉ አንድ ማሽን ላይ አይቀመጥም፤ ብዙ ማሽኖች አሉ፣ ከፊሉ እዚህ፣ ከፊሉ በየቅርንጫፉ። አንዱ ማሽን ዝርዝር ብቻ ይይዛል፦ የፋይሉን ስም፣ ስንት ገጽ እንደሆነ፣ የት እንዳለ። የፋይሉ ገላ ግን የሚያድረው ሌሎቹ ላይ ነው። ስንት ቅጂ ይኑረው፣ በየትኞቹ ማሽኖች ላይ ይደር የሚለውን የሚወስነው በየማኅደሩ ላይ የሚጻፍ ደንብ ነው፤ ደንቡን የሚጽፈው ደግሞ ሊቁ። ብዙ ጊዜ ብቻውን ተቀምጦ ይህን ሲያስብ ደስ ይለው ነበር። ከላይ ባሉት ሦስት ፎቆች የሚመላለሰው ሰው ሁሉ፣ የሚካሰሰው፣ የሚወራረሰው፣ እሱ በጻፋት አንዲት መስመር ምክንያት ሌሊቱን ሳይጠፋ እንደሚያድር ያስብና እንደ እረኛ ያደርገዋል።

የድሮዎቹ ሰነዶች የተቀመጡበት ማኅደር መጀመሪያ ላይ ደንቡ አንድ ነበር፤ አንድ ቅጂ፣ ቁጥር አራት የሚባለው ማሽን ላይ። ያኔ ቦታ አልነበረም። ከስምንት ወር በፊት እትዬ «የአባባ ወረቀት ደኅና ነው?» ብላ ስትጠይቀው በማግሥቱ ገብቶ አንዱን ወደ ሦስት ለወጠው። ለመለወጥ ደቂቃ አልፈጀበትም። ማታውኑ «አሁን ሦስት ቦታ ነው፣ አንዱ ቢቃጠል ሁለት አለሽ» አላት። ግንባሩን ሳመችው።

ዛሬ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ የአባቱን ስም ጻፈ። ዝርዝሩ ላይ ወጣ፤ ሙሉ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ አራት ገጽ፣ የገባበት ቀን። ደስ አለው። እንዲከፈት ነካው። ስክሪኑ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ዞረች፣ ዞረች፣ ከዚያ «ማንበብ አልተቻለም» የሚል ወጣ። ደገመው። ደግሞ ያው። የማኅደሩን ደንብ አወጣ፤ ሦስት ይላል፣ ራሱ እንደጻፈው። ከዚያ ያለወትሮው አንድ ነገር ጠየቀ፤ ማኅደሩን ሳይሆን ፋይሉን። ፋይሉ መለሰለት፦ ቅጂ አንድ፣ ማሽን አራት።

ከጎኑ ያለውን ሌላ ፋይል ጠየቀ። ቅጂ አንድ፣ ማሽን አራት። አምና የገባውን ጠየቀ፣ ያው። ባለፈው ወር የገባውን ሲጠይቅ ግን ቅጂ ሦስት፣ ማሽን ሁለት፣ አምስትና ሰባት አለ። እጁን ከፊደል ሰሌዳው ላይ አነሣ። ማኅደር ላይ የሚጻፍ ደንብ የሚሠራው ከዚያ በኋላ በሚገቡት ላይ ነው። ቀድሞ የገባው እንደ አገባቡ ይኖራል፤ አዲሱን ደንብ እንዲይዝ ከተፈለገ ተቀድቶ እንደ አዲስ መግባት አለበት። ይህን መመሪያው ላይ አንብቦታል። እንግዳ እንደሚያልፍበት ሰፈር ነው ያለፈው፤ ለካ ቤቱ እዚያ ነበር። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር፤ ፋይሎቹን አውጥቶ መልሶ ማስገባት። አልሠራውም፣ ምክንያቱም ደንቡ ላይ ሦስት የሚለውን ሲያይ ሁሉም ሦስት የሆነ መሰለው።

ቁጥር አራት ደግሞ የለም። ከሁለት ሳምንት በፊት አርጅቷል ተብሎ ተነቅሏል። ከመነቀሉ በፊት «ሌላ ቦታ ቅጂ የሌለው ፋይል አልያዘም» የሚል ቅጽ ተሞልቷል፣ ከሥሩ የእሱ ፊርማ አለ። ሰነዱ የሰው ምሥጢር ስለሆነ የማሽኑ ዲስኮች ግቢው ውስጥ፣ ኮሚቴ ቆሞ እያየ፣ በመሰርሰሪያ ተበስተዋል። የኤሌክትሪክ ገመዱን ይዞ የቆመው ራሱ ነው። ያን ቀን ፀሐይ ነበር፣ የብረት ብናኙ ሲያበራ ቆንጆ ሆኖ ታይቶት ነበር።

ስንት ፋይል እንደሆነ ጠየቀ። ከሺህ ስምንት መቶ በላይ።

የምድር ቤቱ ሌላው ነዋሪ አባ ወረቀት የሚሏቸው የድሮ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ጡረታቸው አራት ወር ቀርቶታል፤ መደርደሪያው ባዶ ከሆነ በኋላ የሚያደርጉት ስላልነበራቸው ከሊቁ ጋር ቁጭ ብለው ጋዜጣ ያነባሉ። የሰነዱ ወረቀት ሁሉ ፎቶ ከተነሣ በኋላ ለእንቁላል መያዣ ካርቶን ፋብሪካ መሸጡ እንደ እሳት ያንገበግባቸዋል።

«ምን ሆነህ ነው እንደ ኖራ የነጣኸው?» አሉት።

ነገራቸው። ሲነግራቸው ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። አባ ወረቀት ጋዜጣውን አጠፉ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር» አሉ። «ወረቀቱን ሸጡት፣ የቀረነው ሞኞቹ ነን። የአባትህ ፊርማ ይሄኔ የሰው እንቁላል ተሸክሞ ይሆናል።» ከዚያ ፊቱን አይተው ተጸጸቱ። «ለኃላፊው ንገር ልጄ። የእናንተ ብቻ አይደለም፣ የስንት ሰው ቤት ነው።»

የኃላፊው ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ ሰፊ፣ ወለሉ ምንጣፍ። ኃላፊው ሙቅ ውሃ በሎሚ እየጠጡ አዳመጡት። አላቋረጡትም፣ አልተቆጡም። ሲጨርስ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ቅጹ ላይ ፈራሚው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እኔ ምን ልርዳህ?» አሉና ጽዋውን አስቀመጡ። «እየው። ዝርዝሩ ሙሉ ነው አይደል? ሪፖርት የሚሠራው ከዝርዝሩ ነው። ዛሬ የጠየቀ የለም፣ ነገም ሁሉም አይጠይቅም። በየጊዜው አንዳንድ ሰው ይመጣል፤ ለሚመጣው ሰነዱ አልተገኘም ብለን ደብዳቤ እንጽፋለን። ጠፋ ካልን ግን አጥፊ ይፈለጋል። አጥፊው ደግሞ ፈርሟል።»

«ለራሴ እህት ነው የምፈልገው።»

«እንግዲያውስ ደብዳቤውን ፈጠን አድርገው ይሰጡሃል» አሉ። ቀልድ አልነበረም። ለጸሐፊዋ በስልክ ነገሯት፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ማህተሙ ያልደረቀ አንድ ገጽ እጁ ላይ ነበር። የተባለው ሰነድ በመሥሪያ ቤታችን ፋይሎች ውስጥ ተፈልጎ አልተገኘም ይላል። ሌላ ሰው ይህን ደብዳቤ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ይመላለሳል።

ደረጃውን ሲወርድ አባ ወረቀት ባርኔጣቸውን አድርገው መጨረሻው እርከን ላይ ሲጠብቁት አገኛቸው። ደብዳቤውን ተቀብለው ክንዳቸውን ዘርግተው አነበቡት፤ መነጽራቸውን ረስተዋል።

«እኔ አባትህን አስታውሳለሁ» አሉት። «በወንበር ተሸክመን ነው በዚህ ደረጃ ያወጣናቸው። አንዱን እግር እኔ፣ አንዱን ዘበኛው፣ ከኋላ እህትህ። ቀኝ እጃቸው አይሠራም፣ በግራ ነው የፈረሙት፤ ሦስት ጊዜ ሞክረው። ‹ከእኔ በኋላ ማንም እንዳያስነሣት› አሉኝ። ይህን የምረሳው ስሞት ነው። ሰዓቱ ስንት ነው? ዘጠኝ ሳይሆን እንድረስ። ወንድምህን ፊት ለፊት አነጋግረዋለሁ። ባይሰማኝ ፍርድ ቤት እቆማለሁ፤ ዘበኛውም በሕይወት አለ።»

ሊቁ ሰውየውን አያቸው። ክራቫታቸውን አስተካክለዋል። ለአፍታ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ቀለለው፤ ሁለቱ ተያይዘው በር ሲገቡ፣ እትዬ ስትነሣ፣ ታላቅ ወንድም አንገቱን ሲደፋ ታየው። ከዚያ ሌላው ታየው።

«ፋይሉስ የት ሄደ ሲሉዎት ምን ይላሉ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«የማውቀውን ነዋ። ሸምግዬ ልዋሽ እንዴ?»

«ማን እንዳጠፋውም?»

«ልጄ፣» አሉ አባ ወረቀት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስህተት ነው የሠራኸው፣ ሌብነት አይደለም። ስህተት ይነገራል።»

ውጭ መኪኖች ይጮሃሉ። አንድ ባለጉዳይ ማኅደር ታቅፎ በመካከላቸው ይቅርታ ብሎ አለፈ። ሊቁ ደብዳቤውን ከሽማግሌው እጅ በቀስታ ወስዶ አጠፈው።

«ቅርንጫፍ ያለው ማሽን ላይ ሌላ ቅጂ ሳይኖር አይቀርም» አላቸው። «አሁን ትዝ አለኝ። እሱን አይቼ አመጣለሁ፣ እርስዎ አይድከሙ።»

«እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

ሽማግሌው አመኑት። ስለ ማሽን የሚነገራቸውን ሁሉ ድሮም ያምናሉ፤ ስለማያውቁት ነው። ባርኔጣቸውን አወለቁና «ተመስገን፣ ልቤን አውልቀኸው ነበር» እያሉ ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ።

ቤቱ ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። በእግሩ ነው የመጣው፤ ታክሲ ሲያልፈው አላስቆመም። ገዢው ቀደም ብሎ መጥቷል፤ ረጋ ያለ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚነግድ ሰው ነው፣ ሚስቱም አብራው አለች። ሴትየዋ የግድግዳውን ርጥበት በጣቷ እየነካች «ይሄ ከጣራው ነው ከመሬቱ?» ብላ ትጠይቃለች፣ ደላላው ከጎረቤቱ ነው ይላል። ታላቅ ወንድም ወንበር ያቀርባል። እትዬ ፀጉሯን በውሃ አስተኝታ፣ ለቀብርና ለሰርግ የምትለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሊቁ ሲገባ ተነሣችለት። ከእሱ ታላቅ ናት፣ ተነሥታለት አታውቅም።

ደብዳቤውን ለማን እንደሚሰጥ አላወቀም። ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ታላቅ ወንድም አንሥቶ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ «ተፈልጎ አልተገኘም» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ወረደ። ያሸነፈ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ እሱም ቢሆን ይገኛል ብሎ ሳይፈራ ወይም ሳይመኝ አልቀረም። ወረቀቱን አገላብጦ ጀርባውን አየ፣ ምንም የለበትም። «እንግዲህ…» አለና ተወው።

ሁሉም እትዬን ተመለከቱ። እሷ የተመለከተችው ሊቁን ነው።

«ሦስቱም ቦታ?» አለች።

«ሦስቱም ቦታ።»

ራሷን ቀስ ብላ ነቀነቀች፤ እንደሚገባው ሰው። ለሱ ግን ያልገባት መሆኑን የሚነግረው ያው ንቅናቄ ነበር። አባባ ሐኪሙ በማያውቁት ቃል ሲያናግራቸው እንዲህ ነበር የሚነቀንቁት።

«አንድ ሽማግሌ ነበሩ» አለች። «ረጅም፣ ክራቫት የሚያደርጉ። አባባን ወንበሩ ላይ እንዳሉ ደረጃውን ያወጡልን። እሳቸው ይህን ጉዳይ አይረሱትም። እዚያ የሉም?»

የገዢው ሚስት ጣቷን ከግድግዳው ላይ አነሣች። ታላቅ ወንድም ሳይቀር ቀና ብሎ ጠበቀ።

«ሞተዋል» አለ ሊቁ። «አምና ነው የሞቱት።»

እትዬ አየችው። ረጅም ጊዜ አይደለም፤ ሰው ወጥ መብሰሉን ለማወቅ ድስት ከፍቶ የሚያይበትን ያህል ነው፤ ያየችውም በቃት። ከዚያ «ነፍስ ይማር» አለች። ገዢው የጠጣበትን ብርጭቆ አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ውሃ ሲፈስ፣ ብርጭቆው ሲታጠብ፣ መደርደሪያው ላይ ሲደፋ ተሰማ። እጇን በፎጣ እያደረቀች ወጣች፣ ፎጣውን ወንበሩ ላይ ዘርግታ አስተካከለችው። በነጠላ ጫማዋ፣ ቦርሳም ሳትይዝ፣ በመካከላቸው አልፋ ግቢውን አቋርጣ ወጣች።

«እትዬ፣ ወዴት ነው?» አለ ታላቅ ወንድም።

የውጭውን በር እንኳ አልዘጋችውም።